ከሞቱ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሰው ግን ዛሬም እሳቸው ጋ ይሄዳል

ደቡብ ህንድ ውስጥ ታሚል ናዱ በሚባለው ግዛት ቲሩቫናማላይ የምትባል ከተማ አለች። ከቼናይ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከከተማዋ አጠገብ አሩናቻላ የተባለ ድንጋያማ ተራራ አለ። ከተራራው ስር ደግሞ አሽራም አለ፤ የሂንዱ ገዳም በሉት። እዚያ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ አዳራሽ ጥግ ላይ አንድ ድንክ አልጋ ተቀምጧል፤ አልጋው ላይ የአንድ ሽማግሌ ትልቅ ፎቶ አለ። ከመላው ዓለም የመጣ ሰው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶው ፊት ዝም ይላል። የሚሰብክ የለም፣ የሚያስተምር የለም። የአልጋው ባለቤት የሞቱት በ1950 ነው።

ሰውዬው ራማና ማሃርሺ ይባላሉ። ዛሬ የእሳቸውን ህይወት እናስቃኛችኋለን። ሃይማኖታቸውን ልንሰብክላችሁ አይደለም። እኛን የሳበን ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አንድ ልመና ሲከተላቸው ነው የኖሩት፤ አትሂድብን፣ ተመለስልን የሚል ልመና። መጀመሪያ እናታቸው፣ በኋላ ተከታዮቻቸው። የምንወደው ሰው በአካል ከሌለ ምን ይቀረናል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የሁላችንም ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንቅልፋሙ ልጅ

ቬንካታራማን ይባል ነበር፤ ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ነው። የተወለደው ዲሴምበር 30 ቀን 1879 ቲሩቹሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሱንዳራም አይየር በከተማዋ ጥብቅና እየቆሙ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። እናቱ አላጋማል ይባላሉ። ከአራት ልጆች ሁለተኛው ነው።

12 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እሱና ታላቅ ወንድሙ ናጋስዋሚ ማዱራይ ከተማ አጎታቸው ቤት ገቡ፣ እናታቸው ከትንንሾቹ ጋር ቀሩ።

ማዱራይ ውስጥ የአሜሪካ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር ብለን አንዋሻችሁም። ጭንቅላቱ ፈጣን ነበር፣ ልቡ ግን ኳስ፣ ትግልና ዋና ላይ ነበር። ጉልበተኛም ነበር። እንቅልፉ ደግሞ ለጉድ ነው። በቀን ሊነኩት የማይደፍሩ ልጆች ሌሊት ተኝቶ ሳለ ተሸክመው አውጥተው ቀጥቅጠውት መልሰው ያስተኙት ነበር። ጠዋት ሲነሳ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም!

እንደ ማንኛውም የብራህሚን ልጅ ቤተ መቅደስ ይሄዳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልታየበትም። ሁለት ነገሮች ብቻ ነካ ነካ አድርገውት ነበር። አንደኛው በ1895 መጨረሻ አካባቢ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘመዱ ከመንገድ ሲመጡ ከየት መጡ ብሎ ጠየቃቸው። ከአሩናቻላ አሉት። ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ቅዱስ ነገር ሲሰማ ቢያድግም፣ በባቡር ተሄዶ የሚደረስበት ቦታ መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። ሁለተኛው፣ ቤት ውስጥ የ63 የታሚል ቅዱሳንን ገድል የያዘ መጽሐፍ አግኝቶ አነበበ። ከዚያ በኋላ ወደ ኳሱ ተመለሰ።

በ16 ዓመቱ የሞተው ሞት

በ1896 አጋማሽ አንድ ቀን አጎቱ ቤት ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አልታመመም፣ የደረሰበት ነገርም የለም። ድንገት አሁን ልሞት ነው የሚል ፍርሃት ወረረው። እኛ ብንሆን ምናልባት እየጮህን እንወርዳለን። እሱ ግን ሰውም ሐኪምም አልጠራም። መሬት ላይ ተጋደመ፣ እጅ እግሩን እንደ ሬሳ አደረቀ፣ አፉን ገጠመ፣ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ራሱን መመርመር ጀመረ። ይህ አካል ሞቷል እንበል፣ ተሸክመው ያቃጥሉታል። ታዲያ እኔ አብሬ ሞትኩ? ወይስ ይሄን ሁሉ ቆሞ የሚያይ ሌላ እኔ አለ?

ጥቂት ጊዜ ነው የፈጀው። እሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ከዚያች ቀን ወዲያ የሞት ፍርሃት ጨርሶ ለቀቀው። አካሉ እንደሚሞት፣ እኔ የሚለው ነገር ግን አካሉ እንዳልሆነ አየሁ አለ። ልብ በሉ፤ ይህንን ያስተማረው ሰው አልነበረም። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፣ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ልጁ ተለወጠ። ምግብ ሲሰጡት ያገኘውን ይበላል፣ ሲሰድቡት ዝም ይላል፣ ኳሱን ተወው። ማታ ማታ ትልቁ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ገብቶ ምስሎቹ ፊት ቆሞ ያለቅሳል። ትምህርቱ ገደል ገባ።

ኦገስት 29 ቀን 1896 ላይ ነገሩ ፈነዳ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ባለማጥናቱ መምህሩ ትምህርቱን ሦስት ጊዜ ገልብጠህ ና ብለው ቀጥተውታል። ሁለቴ ጻፈና ሦስተኛው ላይ ደብተሩን ገፋ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ናጋስዋሚ ይሄን አይቶ፣ እንዲህ ለሚሆን ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል ብሎ ተናገረው። ልጁ አልተቆጣም። እውነቱን ነው ብሎ አሰበ። ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አለኝ ብሎ ተነሳ። ወንድሙም እንግዲያው ከሳጥኑ 5 ሩፒ ውሰድና የኮሌጅ ክፍያዬን ክፈልልኝ አለው። ሳያውቅ የመንገዱን ገንዘብ ሰጠው።

ቬንካታራማን 3 ሩፒ ብቻ ወሰደ። 2ቱን ከአንድ ወረቀት ጋር ትቶ ሄደ። ወረቀቱ ላይ አባቱን ፍለጋ እንደሄደ፣ ማንም እንዳያዝን፣ እሱን ለመፈለግም ገንዘብ እንዳይወጣ ጻፈ። እዚህ ላይ አባት ያለው አሩናቻላን ነው። የወንድሙ ክፍያ እንዳልተከፈለም አልደበቀም። ደብዳቤው ሲጀምር እኔ ይላል፣ ቀጥሎ ራሱን ይህ እያለ ይጠራል፣ መጨረሻው ላይ ፊርማ የለውም።

መንገዱን ያየው ከአሮጌ ካርታ ላይ ስለነበር በቀጥታ የሚወስደው አዲስ የባቡር መስመር መኖሩን አላወቀም። ገንዘቡ መሃል ላይ አለቀ። በእግሩ ሄደ፣ ለምኖ በላ፣ የወርቅ የጆሮ ጌጡን በ4 ሩፒ አስይዞ ቀሪውን መንገድ በባቡር ጨረሰ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1896 ጠዋት ቲሩቫናማላይ ገባ። የተረፈችውን ገንዘብ ወረወራት፣ ጸጉሩን ተላጨ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ 54 ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው፣ ከዚያ ተራራ አልራቀም።

እናት መጣች

የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያሳዝኑ ናቸው። በትልቁ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከመሬት በታች ያለች ጨለማ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ ነፍሳት ጭኑን በልተው አቆሰሉት። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሰዎች ገብተው ተሸክመው አወጡት። ጠባሳው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ። አይናገርም ነበር። ሰዎች ካላጎረሱት አይበላም።

ቤተሰቡ ያለበትን ለማወቅ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀበት። በ1898 መጨረሻ እናቱ ከናጋስዋሚ ጋር መጡ። ልጃቸውን አገኙት፤ ጸጉሩ ተያይዟል፣ ጥፍሩ አድጓል፣ ገላው ቆሽሿል። እናት ምን ይሁኑ? ምግብ እየሠሩ ያመጣሉ፣ ይለምናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ። ቀናት አለፉ። ልጁ ቃል አልወጣውም። በስፍራው የነበረ አንድ ሰው አዘነና ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ቢያንስ ጻፍላቸው አለው።

ጻፈ። የጻፈው በአጭሩ ይህ ነው፤ የሰው ዕጣ በፈጣሪ እጅ ነው፣ የማይሆን ነገር ቢለፋበትም አይሆንም፣ የሚሆነውም ቢከለክሉት አይቀርም፣ ስለዚህ የሚሻለው ዝም ማለት ነው። እናት አንብበው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እውነቱን እንነጋገር። ይሄን ታሪክ ስናነብ ከእናትየው ጋር ነው የቆምነው። ባል የሞተባት ሴት ልጇን ፍለጋ መጥታ አንድ ቃል ከአፉ አለመስማት ይከብዳል። ተከታዮቻቸውም ቢሆኑ ይህንን ክፍል አልደበቁትም። ግን ታሪኩ እዚህ አላለቀም።

ስሙም አካሉም ተለወጠ

ከ1899 ጀምሮ ተራራው ላይ ቪሩፓክሻ በሚባል ዋሻ ኖረ። ቀስ በቀስ ሰው መምጣት ጀመረ። በ1902 አካባቢ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሲቫፕራካሳም ፒላይ፣ እኔ ማን ነኝ የሚለውን ጥያቄ ይዞለት መጣ። ልጁ ገና አይናገርም፤ መልሱን በጽሑፍ ሰጠው። እነዚያ መልሶች ኋላ ትንሽ መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል። ትምህርቱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ሐሳብ በመጣ ቁጥር ይሄ ሐሳብ የመጣው ለማን ነው ብለህ ወደ ምንጩ ተመለስ።

በ1907 ጋናፓቲ ሙኒ የተባሉ ትልቅ የሳንስክሪት ሊቅ መጥተው እግሩ ስር ወደቁ። ባጋቫን ስሪ ራማና ማሃርሺ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ማሃርሺ ማለት ታላቅ ባለ ራእይ እንደማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንላቸዋለን።

ዋሻው ውስጥ አብረዋቸው የሚኖሩት ሰዎች ከተማ ወርደው ምግብ ይለምኑ ነበር። የእኛን የቆሎ ተማሪ አስቡት። ሲዞሩ የሚዘምሩት ነገር እንዲኖራቸው ራማና ለአሩናቻላ 108 ስንኞች ያሉት የፍቅር መዝሙር ደረሱላቸው። ይህን መዝሙር አስታውሱት።

በ1916 እናት ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ሊወስዱ ሳይሆን አብረውት ሊኖሩ ነው። ለጥቂቶቹ ባሕታውያን ወጥ ቤት ከፈቱላቸው። ትንሹ ልጃቸውም ተከትሎ መጣና መነኮሰ። ሜይ 19 ቀን 1922 እናት ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ራማና አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ አንዱን ራሳቸው ላይ አድርገው እስኪያርፉ ለሰዓታት ሳይነሱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ያ ቃል የነፈጋቸው ልጅ መጨረሻ ላይ ሙሉ ቀን ሰጣቸው።

እናት የተቀበሩት ተራራው ስር ነው። ራማና መቃብሩን ለማየት እየወረዱ ሲመላለሱ፣ አንድ ቀን ሳይመለሱ እዚያው ቀሩ። የዛሬው አሽራም የበቀለው ከዚያ መቃብር ዙሪያ ነው።

የአሽራሙ ኑሮ

በኋላ ስማቸው ገነነ። ፖል ብራንተን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ምዕራባውያን አወቋቸው። ታዋቂው ደራሲ ሶመርሴት ሞም በ1938 መጥቶ አይቷቸዋል።

ኑሯቸው ግን አልተለወጠም። ያላቸው ሁለት ሽርጥ፣ የውሃ እቃና ምርኩዝ ነው። ሌሊት ተነስተው ወጥ ቤት ገብተው አትክልት ይከትፋሉ። ምግብ ሲቀርብ ለሌላው ካልተሰጠ ለእሳቸው ተለይቶ እንዲሰጣቸው አይፈቅዱም። በ1924 ሌቦች ገብተው ሲደበድቧቸው፣ ተከታዮቻቸው አጸፋ እንዳይመልሱ ከለከሉ። ላክሽሚ የምትባል ላም ነበረቻቸው፤ በ1948 ስትሞት ራሷን ይዘው አብረዋት ተቀመጡ፣ እንደ ሰው መቃብር ሠሩላት።

ተከታዮቻቸው ታዲያ ከአካላቸው መለየት አቃታቸው። አዳራሹ ውስጥ ፊታቸውን እያዩ መዋል ሱስ ሆነባቸው። ከእነሱ አንዱ የፑንጃቡ ተወላጅ ፑንጃ ነበር። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፋፈሉ ቤተሰቡ እልቂት በሚጠብቀው በኩል ቀርቶ ነበር። ራማና ሂድና አውጣቸው አሉት። እሱ ግን ከእርስዎ መለየት አልፈልግም አለ። የትም ብትሆን አብሬህ ነኝ ብለው ሰደዱት። ሄደ፣ ቤተሰቡን በመጨረሻዎቹ ባቡሮች አወጣ፣ ሉክናው ከተማ ላይ ሲያስተዳድራቸው ቆየ። መምህሩን በሕይወት ዳግመኛ አላያቸውም። በፍቅር ስም አጠገባቸው ቢቀር ኖሮ ቤተሰቡ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

የመጨረሻው ልመና

በ1948 መጨረሻ ግራ ክርናቸው አካባቢ ትንሽ እብጠት ወጣ። በፌብሩዋሪ 1949 ሐኪም አወጣው፤ ተመልሶ መጣ። ካንሰር ነበር። እስከ ዲሴምበር ድረስ አራት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሞች እጃቸው ይቆረጥ ሲሉ አይሆንም አሉ።

ተከታዮቻቸው ተሸበሩ። ብዙ ሰው ፈውሰዋል ይባላል፣ ለምን ራሳቸውን አይፈውሱም ብለው ለመኗቸው፣ አለቀሱ። ልክ እንደ እናታቸው ማለት ነው። ራማና ለዚህ አካል ከልክ በላይ ቦታ ሰጣችሁት አሏቸው። ትሄዳለህ ይሉኛል፣ ወዴት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ የሚል መልስ ሰጡ። ሕመሙ ግን የምር ነበር። ሌሊት ሲያቃስቱ የሰሟቸው አሉ። እንደዚያም ሆነው ሊያያቸው የመጣ ሰው በር ተዘግቶበት እንዳይመለስ አዘዙ። ሕዝቡ እስከ መጨረሻዋ ቀን በተኙበት ትንሽ ክፍል ፊት ተሰልፎ ያልፍ ነበር።

ኤፕሪል 14 ቀን 1950 ማታ፣ ውጭ የተሰበሰቡት ሰዎች ያንን ለምግብ ለማኞቹ የደረሱላቸውን የአሩናቻላ መዝሙር ጀመሩ። ራማና ሰምተው ዓይናቸውን ከፈቱ፣ ፈገግ አሉ፣ እንባቸው ወረደ። ከምሽቱ 2፡47 ላይ ትንፋሻቸው ቆመ። ፈረንሳዊው ዝነኛ ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን እዚያው አካባቢ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ ሰማዩን ሲያቋርጥ አይቶ ሰዓቱን መዝግቧል።

ታዲያ ምን ቀረ?

ራማና ወራሽ አልሾሙም። ከእኔ በኋላ እገሌን ተከተሉ አላሉም። የአሽራሙ አስተዳደር ከወንድማቸው ቤተሰብ ጋር ቀጠለ፤ በድንክ አልጋው ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ከሞታቸው በኋላ ብዙ ሰው ወደየቤቱ ተበተነ፣ አሽራሙም ጭር አለ። የቀሩት ጥቂቶች ቬዳውን ማንበብ፣ መዝሙሩን መዘመር፣ ለድሃ ምግብ መስጠት ቀጠሉ። በ1964 አርተር ኦዝቦርን የተባለው እንግሊዛዊ ተከታያቸው ማውንቴን ፓዝ የሚል መጽሔት ጀመረ፤ እስከ ዛሬ ይታተማል። ፎቶው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥም ቀጠለ።

አሁን ያዙልን ወዳልናችሁ ነጥብ እንመለስ። ራማና ራሳቸው ሰው የሆነ መምህር አልነበራቸውም። መምህሬ አሩናቻላ ነው ይሉ ነበር። ተራራ አይናገርም፣ አያቅፍም፣ ስልክ አያነሳም። ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ አካል የሌለውን መምህር ወደው ነው የኖሩት። ስለዚህ በ1950 ተከታዮቻቸው የገቡበት ጭንቀት ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት መንገድ ነው። ትተውላቸው የሄዱትም ያንኑ መንገድ ነው።

በእርግጥ አደጋም አለው። መምህሩ ዝም ካለ፣ በስሙ የሚናገር አይጠፋም። ዛሬ ቲሩቫናማላይ ከሄዳችሁ የእሳቸውን መንገድ አስተምራለሁ የሚል መዓት ሰው ታገኛላችሁ። ከተከታዮቻቸው ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ወደ ራስህ ጥያቄ ይመልስሃል ወይስ ወደ ራሱ ይጎትትሃል?

ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው የአሩናቻላን ዙሪያ 14 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ይዞራል። ከመሃላቸው ሙት ፍለጋ የሄዱ አይመስላቸውም። በእነሱ እምነት መስማማት አይጠበቅብንም። ግን እናቱን፣ አባቱን ወይም መምህሩን የቀበረ ሰው ሁሉ ይሄ ጉዳይ ይገባዋል። መቃብሩ ጋ ስንቴ ሄድኩ ከሚለው ይልቅ፣ ያስተማረኝን ዛሬ ሠራሁት ወይ የሚለው ሳይበልጥ አይቀርም።

እናንተስ? በአካል የሌለ፣ ግን ዛሬም የሚያስተምራችሁ ሰው አለ? በኮሜንት ጻፉልን፣ ለወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉት። በሌላ የሕይወት ታሪክ እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ!